መካኒኩ አብራሪ፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወትና ሥራ

ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው የአይሮፕላን ድምፅ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ወደ አዘዞ ሜዳ የሚወርደውን ወይም ከዚያ የሚነሣውን አይሮፕላን ሕፃናት ለአፍታ ቀና ብለው አይተውት ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ፤ ገበያተኛውም መንገዱን አያቋርጥም። አያቶቻችን ያወጉን የነበረው አይሮፕላን ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በበጌምድር ሰማይ ላይ መጀመሪያ የታየው አይሮፕላን የመጣው መንገደኛ ይዞ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ዕለት በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ ወረቀትና ቦምብ ሊጥል መጣ እንጂ። ከስድስት ዓመት ያህል በኋላም ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው በዳባት በኩል ወደ ተከዜ ሲያመሩ፣ የጣሊያን አይሮፕላኖች ወገራ ላይ ደርሰው ሠራዊቱን ደበደቡት። ስለዚህ የሰሜን ደጋ ሰው አይሮፕላንን መጀመሪያ ያወቀው ከላይ ሆኖ የሚገድል፣ ከታች ሆነው የማይመልሱለት ነገር አድርጎ ነው።

ማኅበራችን ለዚህ ዓመት መጽሔቱ ስለ በረራ ሥራ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ወደ አእምሮዬ መጣ። ያን ጊዜ በእኛ በኩል ይበር የነበረው ማን ነው? በምን ዓይነት አይሮፕላን፣ ማን በሚጠግነው ሞተር፣ በስንት ሰዓት ዕረፍት ይበር ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሆኑት ጥቂት ሰዎች ዋነኛው ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው። የእርሳቸው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ጀግና ታሪክ ነው፤ ጀግንነታቸውም አይካድም። እኔ ግን በሙያዬ መሐንዲስ እንደመሆኔ መጠን የሳበኝ ሌላው ጠባያቸው ነው። ሮቢንሰን አብራሪ ከመሆናቸው በፊት መካኒክ ነበሩ፤ በኋላም እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ መካኒክነታቸውን አልተዉም።

ጆን ሮቢንሰን በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ተወልደው፣ በሚሲሲፒ ግዛት ጋልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አደጉ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው በባቡር ሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸውና እንጀራ አባታቸው ናቸው። በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ለአንድ ጥቁር ልጅ የሚፈቀደው ትምህርትም ሥራም በቀለም የተከለለ ነበር። ወጣቱ ሮቢንሰን ወደ ተስኪጊ የትምህርት ተቋም ገብተው የመኪና ጥገና ተምረው ከወጡ በኋላ ወደ ሰሜን ሄደው በዲትሮይትና በሺካጎ በጋራዥ ሥራ ተሠማሩ። ልባቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በአይሮፕላን ላይ ነበር።

በሺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር። ሮቢንሰን ማመልከቻቸው ሲመለስባቸው ሌላ መግቢያ ፈለጉ። በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ መጥረጊያቸውን ይዘው ከክፍሉ ጥግ እየቆሙ መምህሩ የሚናገረውን ማዳመጥ፣ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውንም ማስታወስ ጀመሩ። ከዚህም ጋር እንደ እርሳቸው በረራ ከሚመኙ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የሞተር ብስክሌት ሞተር የተገጠመለት አንድ ትንሽ አይሮፕላን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ይህ ሥራ ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱን ስላስደነቀው በሩ ተከፈተላቸው፤ ሮቢንሰንና ጓደኛቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ ተምረው ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ተመልሰው እዚያው ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን ማስተማራቸው ጠባያቸውን በደንብ ያሳያል። የከፈቱትን በር ከኋላቸው አልዘጉትም።

ቀጥለውም በሺካጎ አቅራቢያ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር መሬቱን በገዛ እጃቸው አስተካክለው የአይሮፕላን ማረፊያ ሠሩ፤ የጥቁር አብራሪዎችንም ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዐውሎ ነፋስ የአይሮፕላን ማቆያውን አፈረሰባቸው፤ እነርሱ ግን ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሮቢንሰን በአይሮፕላን ወደ ተስኪጊ ሄደው፣ የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ጠየቁ። ሐሳባቸው ለጊዜው ባይፈጸምም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው የተስኪጊ አብራሪዎች የሠለጠኑት በዚያው ተቋም ነው።

በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ እየተቃረበ ሲሄድ፣ በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ለኢትዮጵያ የሚረዱ ባለሙያዎችን ይፈልጉ ነበር። ሮቢንሰን ጥሪው ሲደርሳቸው ትምህርት ቤታቸውንና ጋራዣቸውን ትተው ተነሡ፤ በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ያገኙት የአየር ኃይል ምን ይመስል እንደ ነበር ለባለሙያ አንባቢ ዘርዘር አድርጎ መንገር ይገባል። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የሚባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ብቻቸውን ለመብረር በቅተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታት ጥቂት ፖቴዞች፣ የጀርመኑ ዩንከርስ፣ የፈረንሳዩ ፋርማን፣ የሆላንዱ ፎከር፣ የጣሊያኖቹ ፊያትና ብሬዳ ተራ በተራ ገብተዋል። በጦርነቱ ዋዜማ የነበሩት በጠቅላላው ከአሥራ አምስት የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ለመብረር የሚችሉት ከዚያ ያነሱ ነበሩ፤ ለውጊያ የታጠቀ አንድም አልነበረም። በአንፃሩ ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ያሰለፈችው አይሮፕላን በመቶ የሚቆጠር ነበር።

ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ የከፋው የዓይነቱ መብዛት ይመስለኛል። በጥገና ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። አሥር አይሮፕላን አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱ ቢሰበሩ በእነርሱ ዕቃ ስምንቱ ይሠራሉ፤ አንዱን ያወቀ መካኒክም አሥሩን ያውቃል። አሥሩ ስድስት ዓይነት ከሆኑ ግን የአንዱ ሻማ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ ብሎን በሌላው መፍቻ አይፈታም፤ መመሪያቸውም በተለያየ አገር ቋንቋ የተጻፈ ነው። መለዋወጫ ዕቃ ከአውሮፓ ታዞ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በባቡር አዲስ አበባ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ። የጦርነቱ ደመና ሲከብድም የሚሸጠው ጠፋ። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም አይሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ስለዚህም የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል። በባሕር ዳር ሜዳ በቀላሉ የሚነሣ አይሮፕላን በእኛ ደጋ ላይ ጭነቱን መቀነስ ግድ ይሆንበታል።

በዚያው ዓመት ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪክ ቬበር በአዲስ አበባ አንድ ትንሽ አይሮፕላን እንዲሠራ ማድረጋቸው የሚታወስ ነው። በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ የተባለችው ይህች አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር የተሠራች የመጀመሪያዋ ናት። ወራሪው ማርኮ ወደ አገሩ ወሰዳት፤ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

ሮቢንሰን በዚህ ሁኔታ ላይ ሥራ ጀምረው ከጥቂት ወራት በኋላ የኮሎኔልነት ማዕርግ ተሰጥቷቸው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ። የአዛዥነት ሥራቸው ግን ከጠረጴዛ ኋላ የሚቀመጡበት አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ዓድዋን ሲደበድቡ እርሳቸው መልእክት አድርሰው እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአዲስ አበባና በሰሜን ጦር ግንባር መካከል ትእዛዝና መልእክት፣ መድኃኒትና ሹማምንት እያመላለሱ ከረሙ።

የዚህን ሥራ ትርጉም ለመረዳት የሰሜኑን መልክዓ ምድር ማሰብ ያስፈልጋል። ራስ እምሩና ደጃዝማች አያሌው ብሩ በሽሬና በወልቃይት አንፃር፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም በተንቤን፣ ራስ ሙሉጌታ በአምባ አራዶም ሲሰለፉ፣ ጠቅላይ ሰፈሩ ደሴ ነበር። በመካከላቸው የተከዜ ሸለቆና ከ4,500 ሜትር በላይ የሚነሣው የስሜን ተራራ አለ። እግረኛ መልእክተኛ ይህን አገር ለማቋረጥ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅበታል፤ የነበሩት ጥቂት የሬዲዮ መሣሪያዎችም ጠላት ይሰማቸዋል። ለዚህ ሁሉ ጦር ፈጣኑ መገናኛ ያለ መሣሪያ የሚበሩት ጥቂት አይሮፕላኖች ነበሩ። ወገራና ስሜን ላይ የነበረው የአገራችን ሰው ከሰማይ የሚመጣውን ሁሉ ጠላት ብሎ በሚፈራበት ወቅት፣ በዚያው ሰማይ ላይ እንደዚህ ያሉ ወዳጆችም ነበሩት።

ዛሬ የአንድ አብራሪ የሥራ ሰዓት በሕግ የተወሰነ ነው። በቀን፣ በወርና በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚበር፣ በሁለት በረራ መካከል ስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ተጽፎ ተቀምጧል። የበረራ መደብ የሚያወጣው ክፍል ያን ወሰን ቢያልፍ ይጠየቅበታል። እኛ አንዳንድ ጊዜ የምናማርርበት ይህ ደንብ ከምን ዓይነት ድካም የተወለደ እንደሆነ የሮቢንሰን ወራት ያሳዩናል። ተራ የሚቀበላቸው ሰው አልነበረም። ክፍት በሆነ መቀመጫ ላይ ብርዱን ችለው፣ ካርታው ከሚያሳየው ይልቅ ወንዝና አምባ እያዩ ይበርራሉ። ተዋጊ አይሮፕላን ሲያሳድዳቸው መልስ የሚሰጡበት መትረየስ ስለሌላቸው ወደ ገደል ውስጥ ወርደው በሸለቆ ማምለጥ ነበረባቸው። ሲያርፉም ዕረፍት የለም፤ ሞተሩን ራሳቸው ከፍተው ያያሉ። በእነዚያ ወራት ቆስለዋል፤ የመርዝ ጋዝም ነክቷቸዋል። አይሮፕላኖቹም አንድ በአንድ በቦምብ ተቃጠሉ፣ ወይም በመለዋወጫ እጦት ቆሙ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከሆነው ውጊያ በማግስቱ ጎንደር በጠላት እጅ ወደቀች። ሮቢንሰንም የሚበር አይሮፕላን ሲጠፋ ከአገር ወጥተው፣ በግንቦት ወር ኒው ዮርክ ደረሱ። በዚያና በሺካጎ የተቀበላቸው ሕዝብ በሺህ የሚቆጠር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ዝና ኖሮበት ይሞት ነበር፤ እርሳቸው ግን ወዲያው በሺካጎ በስማቸው የተጠራ የበረራና የመኪና ምሕንድስና ትምህርት ቤት ከፈቱ። የጦር ሜዳውን ዝና ለተማሪ መሰብሰቢያ አደረጉት ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላም አልረሷትም። የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረችው ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ከአንድ ወር በፊት፣ በጥቅምት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት የጣሊያን ተዋጊ አይሮፕላኖች አንዱ በዚያው በጎንደር ሰማይ ላይ ተመትቶ ወድቆ ነበር። ከዚህ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ሮቢንሰን ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው አዲስ አበባ ተመለሱ። በልደታ ሜዳ ላይ የበረራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በጥቂት ተማሪዎች የተጀመረው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ 75 ያህል ወጣቶች ነበሩት። ትምህርቱ የመሪ አያያዝ ብቻ አልነበረም፤ የመካኒክነቱም ሥራ አብሮ ይሰጥ ነበር።

በዚያው ወቅት ሌላ ትልቅ ሥራ ተጀምሯል። ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። አንዳንድ ጊዜ ሮቢንሰን የአየር መንገዱ መሥራች ተደርገው ይነገራል። ነገሩን በትክክል ለመናገር፣ ውሉ የሁለት ወገኖች ውል ነው፤ የሮቢንሰን ድርሻ ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት አይሮፕላንን ሊያበርም ሊጠግንም እንደሚችል በልደታ ሜዳ ላይ በተግባር ማሳየታቸው ነው። ይህ ድርሻ ትንሽ አይደለም።

የሕይወታቸው መራራ ምዕራፍ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው። መንግሥት አየር ኃይሉን በአዲስ መልክ ለማደራጀት ወደ ስዊድን ፊቱን አዞረ። ሳፊር የሚባሉት የማሠልጠኛ አይሮፕላኖችና ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች መጡ፤ ከእነርሱም ጋር ስዊድናውያን መምህራንና አለቃቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መጡ። ፎን ሮዘንም ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1928ቱ ጦርነት የቀይ መስቀልን አምቡላንስ አይሮፕላን ያበሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ግን አልተስማሙም። በመካከላቸው የተነሣው ጠብ እጅ እስከ መሰናዘር ደርሶ፣ ሮቢንሰን ካቋቋሙት ሥራ ወጡ።

ከሁለቱ ማን ጥፋተኛ እንደ ነበር መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ሁለቱም ኢትዮጵያን የወደዱ፣ ሁለቱም በኢትዮጵያ ምድር የሞቱ ናቸው፤ ፎን ሮዘን የዕርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገድለዋል። ለእኛ ለባለሙያዎች ግን ከግል ጠቡ ሥር አንድ የታወቀ ነገር ይታያል። የአይሮፕላኑ ዓይነት ሲለወጥ ሰውም አብሮ ይለወጣል። አዲሱ አይሮፕላን የራሱን መመሪያ፣ የራሱን መምህር፣ የራሱን የጥገና ልማድ ይዞ ይመጣል። በአሮጌው ዓይነት የነጠረ ባለሙያ በአንድ ቀን ውስጥ ዕውቀቱ ከአሮጌው ዕቃ ጋር አብሮ እንደ ተጣለ ይሰማዋል። ከአይሮፕላን ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ስሜት በአንድ ወይም በሌላ ጊዜ ሳይቀምሰው አይቀርም።

ሮቢንሰን በዚህ ተቆጥተው አገር ጥለው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በአዲስ አበባ ቀሩ። ከሐረሩ መስፍን ከልዑል መኰንን ጋር በመሆን በአነስተኛ የአይሮፕላንና የንግድ ሥራ ተሠማሩ፤ መብረራቸውንም ማስተማራቸውንም አላቋረጡም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ስቲንሰን የምትባል ትንሽ አይሮፕላን ይዘው ከአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ጋር ሲበሩ፣ አይሮፕላኗ አዲስ አበባ ላይ ወደቀችና በእሳት ተያያዘች። መሐንዲሱ ሞተ። ሮቢንሰንም በቃጠሎው ክፉኛ ተጎድተው ለሁለት ሳምንት ያህል ከታገሉ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ። የተቀበሩት በጉለሌ መካነ መቃብር ነው። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከፖቴዝ ጀምሮ በብዙ ዓይነት አይሮፕላን የበረሩት፣ ከተዋጊ አይሮፕላኖች በሸለቆ ያመለጡት ሰው ሕይወታቸው ያለፈው በሰላም ጊዜ፣ በዕለት ሥራቸው ላይ ነው። የሙያው ጠባይ እንዲህ ነው፤ ትልቁ አደጋ ካለፈ በኋላ ትንሹ በር ላይ ይጠብቃል።

እርሳቸው ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅነት በኢትዮጵያዊ እጅ ገባ። ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን አሥራ አንድ ዓመት፣ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሃያ አምስት ዓመት መፍጀቱ፣ አይሮፕላን መግዛት የወራት፣ ሰው መሥራት ግን የዘመናት ሥራ መሆኑን ያስረዳል።

ወደ ጀመርኩበት ወደ አዘዞ ሜዳ ልመለስ። ጎንደር በሰላም ጊዜ ለብዙ ዓመታት የምታውቀው አይሮፕላን ዲሲ 3 ነበር። ከኋላ ጎማው ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ የሚያቀናው ያ አይሮፕላን፣ የአዘዞን፣ የባሕር ዳርን፣ የላሊበላንና የአክሱምን ሜዳዎች እየነካ መንገደኛና ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤቲአር 42፣ ፎከር 50፣ ቀጥሎም ኪው 400 በየተራቸው መጥተዋል። ዋናው መሥመር ደግሞ ከዲሲ 6 ወደ ቦይንግ 720፣ ከዚያም ወደ 727፣ ወደ 767፣ ወደ 787 ተሸጋግሯል። አንድ ባለሙያ በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት አይሮፕላን ሲገባና ሲወጣ ያያል። በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜም ሁለት ነገሮች ይፈተናሉ፤ የባለሙያው የመማር ትዕግሥትና የድርጅቱ የቀድሞ ሰዎቹን የመያዝ ጥበብ።

የኮሎኔል ሮቢንሰን ሕይወት በሁለቱም በኩል ይመክረናል። ለባለሙያው፣ ዓይነት ያልፋል፤ ሞተርን አዳምጦ ሕመሙን የሚያውቅ ጆሮና ያወቀውን ለሌላ የሚያስተምር አፍ ግን ከአይሮፕላን ወደ አይሮፕላን ይሻገራል። ለድርጅቶችና ለአለቆች ደግሞ፣ አዲሱን ሲቀበሉ አሮጌውን ዕቃ መሸጥ ይችላሉ፤ በአሮጌው ዕቃ ላይ ያረጀውን ሰው ግን እንደ ዕቃ ሊቆጥሩት አይገባም። ያለ መለዋወጫ፣ ያለ ተተኪ፣ ያለ ዕረፍት በሰሜን ሰማይ ላይ የበረሩት ሰው ኋላ ያቋቋሙትን ትምህርት ቤት ትተው በወጡ ጊዜ ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም፤ የተማሩትም ልጆች አልጠፉም። ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ ለአንድ መካኒክ የለውም። የጠፋው ነገር ቢኖር፣ እርሳቸው በዚያ ቢቆዩ ኖሮ ሊያስተምሯቸው ይችሉ የነበሩት ልጆች ናቸው፤ እነርሱን ማንም አልቆጠራቸውም።